እንግሊዝኛ ባናውቅም መጠየቅ እንችላለን



የፈተና ውጤት በመጣ ቁጥር «ልጄን እንግሊዝኛው ጣለብኝ» የሚል ሮሮ በየቤቱ ይሰማል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው። ይሁንና በሁለተኛ ደረጃ ሒሳቡም ሳይንሱም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ እሱን ያልያዘ ልጅ በሁሉም ይጎዳል።

ልጆቻችን ግን የካቻምናን መልስ ሀ፣ ለ፣ ሐ እያሉ ይሸመድዳሉ። ፈተናው ላይ የሚመጣው ምንባብ አዲስ ነው። ታሪክ ማንበብ ያልለመደ ልጅ ምኑን ይመልሳል?

እኛ ከ6ኛ ክፍል ያላለፍን ወላጆችም መርዳት እንችላለን። ልጁ በእንግሊዝኛ ያነበበውን ማታ በአማርኛ ያውጋን። ለምሳሌ በ1958 እ.ኤ.አ. የወጣውን የቺኑዋ አቼቤን «ቲንግስ ፎል አፓርት» ካነበበ፣ «ኦኮንክዎ አባዬ የሚለውን ልጅ ለምን ገደለው?» እንበለው። «ደካማ እንዳይሉት ፈርቶ» ካለን፣ «የቱ ጋ ይላል? አሳየን» ነው። ጣቱን መስመሩ ላይ ካሳረፈ ገብቶታል፤ ከተንተባተበ ይድገመው። ፈተናውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

የማኅበራችን አዳራሽ ማታ ማታ ተቆልፎ ነው የሚያድረው። ቁልፉን በተራ የሚይዙ ወላጆች ከተገኙ ከ12 እስከ 2 ሰዓት ማንበቢያ ይሁን እንላለን። ልጅን ከመቆጣት አብሮ መቀመጥ ይሻላል!

የማኅበሩ ጸሐፊ