ከመናቃችን በፊት እንስማ

«አስፈሪ ፊልም ምን ቁም ነገር አለው?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። እኛ ግን ከፍርድ በፊት ጆሮ ይቅደም እንላለን።

በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው የሮበርት ሮድሪጌዝ «ፕላኔት ቴረር» ደም የበዛበት፥ ምስሉም እንደ አሮጌ ፊልም ሆን ተብሎ የተቧጨረ ሥራ ነው። ዲሬክተሩ ግን ሙዚቃውን ለሌላ ሰው ብቻ አልተወም፤ ሻካራ ጊታር የሚጮኽበትን ዜማ በአብዛኛው ራሱ ደረሰው። ምስሉ ሲያላግጥ ጊታሩ አያላግጥም፤ ፍርሃቱን የሚያሳምነን እርሱ ነው።

ይኸው ሰው በ1992 «ኤል ማሪያቺ»ን በ7,000 ዶላር ገደማ ሠርቷል። በችግር ጊዜ ሁሉን በራሱ መሥራት የለመደ እጅ፥ ገንዘብ ሲገኝም አልቦዘነም።

እኛስ «መሣሪያ የለንም» እያልን እስከ መቼ እንቀመጣለን? መምህራኖቻችንም የተናቀውን ሥራ ከእኛ ጋር ቢመረምሩ ክብራቸው አይቀንስም።