ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል!

ወንዝ አይጽዳ የሚል ጤነኛ ሰው የለም። እኔም የቀበናን ሽታ አፍንጫዬን ይዤ ነው ያደግሁት። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ለመሆኑ የሚጸዳው ለማን ነው?

በ2011 ዓ.ም. «ሸገርን ማስዋብ» ተብሎ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ በ29 ቢሊዮን ብር ሊለማ ነው ሲባል አጨበጨብን። በዚያው ዓመት «ገበታ ለሸገር» ተዘረጋ፤ የአንዱ ወንበር ዋጋ 5 ሚሊዮን ብር! ወንዝ ዳር እንጀራ ሸጣ የምታድረውን እናት ግን ማን ምን አላት? በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ መጣና ፒያሳን ገለበጣት። በመናፈሻ ፎቶ እያሳሳቁ ወሰዱን።

ኧረ ጎበዝ! ወንዙን ያቆሸሸው ድሃው ብቻ ነው እንዴ? የቆዳ ፋብሪካውስ? የፍሳሽ መስመር ያልዘረጋው ማን ሆነና? ቀድሞ የሚፈርሰው ግን የድሃው ጎጆ ነው።

ምትክ ቤት ተሰጥቷል ይሉናል። እሺ፣ ለተሰጠው እሰየው! ከተማ ዳር የተወሰደችው የጉልት ነጋዴ ግን ለማን ትሽጥ? ዕድሩስ? ዕቁቡስ? የቡና ጉርብትናውስ? ለዚህ ካሳ የሚተምን ኮሚቴ አላየሁም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንዑስ አንቀጽ 2፣ በመንግሥት ፕሮግራም የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካበት ሁሉ ተመጣጣኝ ማካካሻ ያገኛል ይላል። ልብ በሉ፣ ካርታ ያለው ብቻ አይልም! ተከራዩም ደባሉም ሰው ነው።

ክቡራን ሆይ፣ አበባው ይተከል፣ ፏፏቴውም ይውረድ። ነገር ግን አግዳሚው ላይ የሰፈሩ ሰው ካልተቀመጠበት፣ የተጠረገው ወንዙ ሳይሆን እኛ ነን።