ዛንዚባር ሄዳችሁ ምን በላችሁ?

ከዛንዚባር የተመለሰ ሰው ስልክ ውስጥ ያሉትን ፎቶዎች ሳታዩ መገመት ትችላላችሁ። ነጭ አሸዋ፣ ጥርት ያለ ባሕር፣ መዋኛ ገንዳ ላይ የሚንሳፈፍ የቁርስ ትሪ፣ እጅ ላይ የታሰረች የሪዞርት ላስቲክ። ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ ስላለ ለጫጉላ ሽርሽርም፣ ለልደትም፣ ዝም ብሎ ለመዝናናትም የሚሄደው ወጣት ብዙ ነው። ፎቶው ያምራል፣ እኔም ላይክ አደርጋለሁ። ከዚያ «ምን በላችሁ?» ብዬ ስጠይቅ ግን መልሱ ብዙ ጊዜ ፓስታ፣ በርገር፣ የሆቴል ቡፌ ነው። እንዴ! እሱማ ቦሌም አለ እኮ።

ሪዞርት መግባት ነውር ነው እያልኩ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ሲሠራ የከረመ ሰው ሦስት ቀን ተኝቶ ባሕር ቢያይ ማን ይከለክለዋል? የእኔ ክርክር ሌላ ነው። አንድ ደሴት ድረስ ገንዘብ ከፍላችሁ ከሄዳችሁ፣ ቢያንስ የጉዞውን ግማሽ የደሴቱ ሰዎች በሚበሉበት ብሉ፣ በሚኖሩበት ሰፈር እደሩ። እኔ ሳምንቱን ለሁለት ከፍዬ መጀመሪያ ስቶን ታውን፣ ቀጥሎ በምሥራቅ ዳርቻ ጃምቢያኒ መንደር ነው ያደርኩት። እንዲህ የምላችሁም ለዚህ ነው።

ከፎሮዳኒ እንጀምር። ስቶን ታውን ውስጥ በአሮጌው ምሽግ ፊት ለፊት ባሕሩ ዳር ያለ መናፈሻ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ጠረጴዛው ይዘረጋል፣ ከሰሉ ይቀጣጠላል፣ ጭሱ ይነሣል። «ዛንዚባር ፒዛ» የሚሉት እዚያ ነው የሚሸጠው። ስሙ እንዳያታልላችሁ፤ ከፒዛ ይልቅ ለእኛ ፈጢራ ይቀርባል። ሊጡ እንደ ወረቀት ይሳሳል፣ የተፈጨ ሥጋ፣ ሽንኩርትና እንቁላል መሐሉ ይገባል፣ ይታጠፍና ምጣድ ላይ ይጠበሳል። ሙዝና ቸኮሌት የሚገባበትም አለ። ምሽካኪ የሚባለው በእንጨት የተሰካ የሥጋ ጥብስ አለ። ሳምቡሳም አለ፤ እነሱም «ሳምቡሳ» ነው የሚሉት።

ከሁሉም በላይ ግን ኡሮጆን ቅመሱ። እርድ ቢጫ ያደረገው፣ በማንጎ የኮመጠጠ ሾርባ ነው፤ ድንች፣ ባጂያ፣ ከላይ ደግሞ የካሳቫ ጥብስና ማባያ ይጨመርበታል። በአንድ ሳህን ውስጥ ሕንድም አፍሪካም አለ። ፒላው ሩዙን ስታዩ ዐረቡም ይመጣል። ዛንዚባር የንግድ ደሴት ነበረች፤ ነፋስ እየጠበቁ በመርከብ ሲመላለሱ የኖሩ ሕዝቦች ሁሉ ድስቷ ውስጥ አንዳንድ ነገር ጥለው ሄደዋል። ይህን ታሪክ ሙዚየም ከገባችሁ ታነባላችሁ፣ ፎሮዳኒ ደግሞ በማንኪያ ትበሉታላችሁ።

ታሪኩ ሁሉ ግን ጣፋጭ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ሻያችን ውስጥ የምንጨምራትን ቅርንፉድ አስቡ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኦማኑ ገዢ ሰይድ ሰዒድ መናገሻውን ከሙስካት ወደ ዛንዚባር አዛውሮ ደሴቲቱን የቅርንፉድ እርሻ አደረጋት። እርሻው ላይ የሠሩት ከዋናው አህጉር በባርነት ተይዘው የመጡ ሰዎች ናቸው። የስቶን ታውን የባሪያ ገበያ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው፤ ዛሬ ቦታው ላይ የአንግሊካን ካቴድራል ቆሟል፣ ግቢው ውስጥም የመታሰቢያ ሐውልት አለ። «የቅመማ ቅመም ጉብኝት» ተብሎ ወደ እርሻዎቹ የሚደረገው ጉዞ ደስ ይላል፤ ቅርንፉዱን ከዛፉ፣ ቀረፋውን ከቅርፊቱ ታሸታላችሁ። ከዚያ በፊት ወይም በኋላ ግን ካቴድራሉ ጋ ሂዱ። ቅመሙን ማን እንደ ለቀመው ካላወቃችሁ ግማሹን ነው የቀመሳችሁት።

አሁን ወደ እኛው ጣጣ እንምጣ። ሕዝቡ በአብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ ለሙስሊም ወገኖቻችን የምግቡ ነገር ቀላል ነው። የክርስቲያን ሥጋ ካልሆነ አልበላም ለሚል፣ ለጾመኛ ወይም ኦክቶፐስን ሲያይ ለሚያማትብ ደግሞ፣ ለእሱም መፍትሔ አለ። ቅርፊትና ክንፍ ያለው ዓሣ ሞልቷል። ባቄላው በኮኮናት ይሠራል፣ ምቺቻ የሚሉት ቅጠል በኮኮናት ይሠራል፣ ሩዙም በኮኮናት ይቀቀላል። «ቢላ ኛማ» በሉ፣ «ያለ ሥጋ» ማለት ነው። ስለዚህ «እኔ የሰው አገር ምግብ አይሆነኝም» ብሎ ቡፌው ላይ ድንች ጥብስ መልቀም ምክንያት የለውም። ኦክቶፐሱን ለሚደፍር ግን፣ በኮኮናት ወጥ የተሠራው ለስላሳ ነውና ከእሱ ይጀምር።

መጠጡስ? ሸንኮራ አገዳው እፊታችሁ በማሽን ይጨመቃል፣ ዝንጅብልና ሎሚ ይገባበታል። ማዳፉ የሚሉት ለጋ ኮኮናት ደግሞ በቢላ ተቀልቶ ይሰጣችኋል። ለእኛ ልብ የሚቀርበው ግን ቡናው ነው። ስቶን ታውን ውስጥ ጆውስ ኮርነር የሚባል አራት ማዕዘን ቦታ አለ፤ ሰዎች የድንጋይ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ቡና እየጠጡ ፖለቲካና ኳስ ያወራሉ። ቡናው መራራ ነው፤ ጆሮ በሌላት ሲኒ ይቀዳል፣ ካሻታ የሚባል የኦቾሎኒ ጣፋጭ አብሮ ይበላል። እኔ «ከኢትዮጵያ ነኝ» ስል ቦታ ለቀቁልኝ። ቢራና ወይን ሆቴሎች ውስጥ ይገኛል፤ መንገድ ላይ ይዞ መዞር ግን ሰዉን መናቅ ነው።

ማደሪያውን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ስቶን ታውን ውስጥ ብዙ አሮጌ ቤቶች የእንግዳ ማረፊያ ሆነዋል። በሩ በእጅ የተቀረጸ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ደረጃው ጠባብና ቀጥ ያለ ነው። መብራት ሊጠፋ ይችላል፣ ሌሊት ገና ሳይነጋ አዛን ይቀሰቅሳችኋል። ጃምቢያኒ ስትሄዱ ደግሞ ባሕሩ ሲሸሽ ርቆ ይሄድና ሜዳው ይገለጣል። ሴቶቹ ወደዚያ ወርደው ምዋኒ የሚሉትን የባሕር ተክል ገመድ ላይ ሲያስሩና ሲለቅሙ ታያላችሁ። ከእሱ የሚወጣው ንጥረ ነገር የጥርስ ሳሙናና አይስክሬም ውስጥ ይገባል። እኔ ያደርኩባት ትንሽ ቤት አከራይ እናት ቁርስ ማንዳዚና ሻይ አቅርበውልኝ ወደ ባሕሩ ይወርዱ ነበር። የከፈልኩት ገንዘብ ማን እጅ እንደ ገባ በዓይኔ አየሁ።

ዋናው ነገር ይኸው ነው። ሁሉን ያካተተ ፓኬጅ ስትገዙ ክፍያው ሌላ አገር ተጀምሮ ሌላ አገር ሊያልቅ ይችላል። ሪዞርቱ ሰው ይቀጥራል፣ ግብር ይከፍላል፣ አልክድም። ግን ምሳችሁም እራታችሁም ቀድሞ ስለተከፈለ ከግቢው ለመውጣት ምክንያት አይኖራችሁም፤ ኡሮጆ የምትሸጠዋ ሴት የእናንተን ሳንቲም አታየውም። የእናንተ አንድ እራት ለሪዞርቱ ምንም አይደለም፤ ለእሷ ግን የዕለት ገቢ ነው።

«ሆዴን ቢያመኝስ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ፍርሃት ነው። የአገሬው ሰው የተሰለፈበት ሂዱ፣ እፊታችሁ የሚበስለውን እዘዙ፣ ውኃ የታሸገ ጠጡ፣ በረዶ ካጠራጠራችሁ ተዉት። «ያጭበረብሩኛል» ለሚል ደግሞ፣ ከመብላታችሁ በፊት «ቤይ ጋኒ?» ብላችሁ ዋጋ ጠይቁ። ፎሮዳኒ ላይ ለቱሪስት ዋጋ ይጨምራሉ፤ መርካቶስ አይጨምሩም?

ስለ ስልካችን አንድ ነገር ልበል። ምግቡን የፈለጋችሁትን ያህል አንሱት፣ ሰውን ግን ሳታስፈቅዱ አታንሡ። ምዋኒ የምትለቅም ሴት ሥራ ላይ ናት፣ የእናንተ ቪዲዮ ማጀቢያ አይደለችም። ከተማው ውስጥ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልበሱ። በረመዳን ከሄዳችሁ ደግሞ ቀን አደባባይ ላይ አትብሉ፤ ማታ ከኢፍጣር በኋላ ከተማዋ ራሷ ታበላችኋለች።

ባሕር ዳር ወይም አርባ ምንጭ የሚመጣ ፈረንጅ ሳምንቱን ሙሉ ከሆቴሉ ሳይወጣ ፒዛ በልቶ ቢመለስ ምን እንላለን? «ኢትዮጵያን ምኑን አያት!» ነው የምንለው። ዛንዚባሮችም ስለ እኛ እንዲያ እንዳይሉ፣ ቲኬት የቆረጣችሁ ካላችሁ ቢያንስ ሁለቱን ሌሊት ከሪዞርቱ ውጪ አድርጉት። ኡሮጆውን ስትቀምሱ እንዴት እንደ ነበር ከታች ጻፉልኝ።