ወይኑን በጠማቂው

ጠጅን የምናደንቀው በጣይዋ ስም ነው፤ «የእገሊት ጠጅ» ከተባለ ሌላ ምስክር አያሻም። ወይን ጠጅ ስንገዛ ግን ዐይናችን ከጠርሙሱ ሥዕልና ከዋጋው አልፎ አይሄድም። እኔ ቀይ ወይንም በጠማቂው ይመረጥ ባይ ነኝ።

ለአብነት የሊባኖሱን «ሻቶ ሙሳር» ልጥቀስ። ቤቱን ጋስቶን ሆሻር በ1930 እ.ኤ.አ. መሠረተው፤ ልጁ ሰርዥ በ1959 ጠመቃውን ተረከበ። ተክሉ በቤቃ ሸለቆ፣ መጥመቂያው ግን ከተራራው ማዶ በጋዚር ይገኛል። ከ1975 እስከ 1990 በዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት ፍሬውን የጫኑ መኪናዎች የተፋላሚዎችን መስመር ማቋረጥ ነበረባቸው። በ1976 ምንም አልተጠመቀም፤ ሰርዥ ግን እጁን አላጠፈም። በ1984 «ዲካንተር» የተሰኘው የእንግሊዝ የወይን መጽሔት የዓመቱ ሰው ብሎ ሰየመው።

ቀዩ ሙሳር ከካቤርኔ ሶቪኞን፣ ከሳንሶና ከካሪኛን ይቀመማል፤ ለገበያ የሚቀርበውም ከለቀማው ሰባት ዓመት ቆይቶ ነው። ወለድ ሲያሰላ ለሚውል እንደ እኔ ላለ የባንክ ሠራተኛ፣ ገንዘብን ሰባት ዓመት አስሮ መጠበቅ ምን ያህል እምነት እንደሚጠይቅ አይጠፋውም።

አንዳንድ ቀማሾች ወደ ኮምጣጤ የሚያደላ ሽታውን እንደ ነውር ይቆጥሩበታል። እኔ ግን ዓመት በመጣ ቁጥር አንድ ዓይነት ከሚጣፍጥ እንከን የለሽ ወይን ይልቅ፣ የዘመኑን ፀሐይና መከራ ሳይሸሽግ የሚናገረውን እመርጣለሁ።

ሰርዥ በ2014 አረፈ፤ ቤተሰቡ ሥራውን ቀጥሏል። ጠርሙሱ እጃችሁ ከገባ አተላው እስኪዘቅጥ አንድ ቀን አቁሙት፤ ከዚያም ሳትቸኩሉ ቅዱ። ጠማቂው አልቸኮለምና።