ጾሙ የማን ነው?

የነነዌ ሦስት ቀን አልፎ ዐቢይ ጾም ደጃችን ደርሷል። ሉካንዳ ቤቱ ወረፋ ይዟል፤ በየጓዳው ደግሞ ሽሮው ይፈጫል፣ ምስሩ ይለቀማል። ለመሆኑ ልባችንንስ አሰናድተናል?

ጾሙ 55 ቀን ነው። ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል መተው ከልጅነታችን የለመድነው ነው። የሚከብደው «እኔ» የሚለውን መተው ነው፤ እሱ በጾሙ ውስጥም መደበቂያ አያጣም።

በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን አብልጬ ያየሁት በስኳር ሕሙማን ላይ ነው። መድኃኒታቸውን ወስደው እስከ 9 ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ይቆዩና በላብ ተጠምቀው፣ እየተንቀጠቀጡ፣ አንዳንዶቹም ራሳቸውን ስተው ይመጣሉ። መድኃኒቱን ጭራሽ የሚተዉም አሉ፤ የእነሱ ስኳር ደግሞ ሽቅብ ይወጣል። አንዲት እናት ግሉኮስ ተሰጥቷቸው ነቃ ሲሉ «እማማ፣ የንስሐ አባትዎን አላማከሩም?» አልኳቸው።

«አማክሬያለሁ ሲስተር፤ ጠዋት ቅመሺ ብለውኛል። ግን ጎረቤት ምን ይለኛል? በዚህ ዕድሜዬ በሁዳዴ ቁርስ ስበላ ልታይ?»

እኚህን እናት በእምነት ማነስ የሚጠረጥራቸው የለም። ነገር ግን የንስሐ አባታቸው ቃል ከጎረቤት ዓይን በታች ዋለ። ለእሳቸው እምነትን ማስቀደም ማለት በዚያ ጠዋት መቅመስ ነበር። አንዳንዴ መታዘዝ ከመራብ ይከብዳል።

ስለዚህ ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም ጨጓራ ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡሮችና የምታጠቡ እናቶች፣ ጾሙ ሳይገባ ሁለት ሰው አነጋግሩ፤ ስለ መድኃኒታችሁና ስለ ምግብ ሰዓታችሁ ሐኪማችሁን፣ ስለ ጾሙ ሥርዓት የንስሐ አባታችሁን። መድኃኒት በራሳችሁ ፈቃድ አታቋርጡ፤ ሰዓቱንም አትቀይሩ። የተባላችሁትን ያለ እፍረት ፈጽሙ። በሰዓቱ መቅመስ ያለበት ሰው ምላሱን ከሐሜት፣ ልቡንም ከቂም መከልከል ይችላል።

ጤነኞችም የቤት ሥራ አለን። አንደኛ፣ የታመመ ዘመዳችንን ሳህን አንመልከት፤ ብዙዎችን ለአደጋ የሚዳርገው የእኛው ዓይን ነው። ሁለተኛ፣ የቀረውን የቁርስ ወጪና ሰዓት ለሌላ እናውለው። የጾሙ አራተኛ ሳምንት መጻጉዕ ይባላል፤ 38 ዓመት ታሞ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ያጣው በሽተኛ የሚታሰብበት ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈራችን አይጠፋም። መድኃኒት መግዣ ያጠረው፣ ለክትትል ወደ ሆስፒታል የሚያደርሰው ያጣ ጎረቤት አለን። እሱን ደግፎ ታክሲ ላይ ማሳፈር ከጾማችን ጋር አብሮ የሚቆጠር ነው።

ሦስተኛ፣ የተኳረፍነው ሰው ካለ የቅበላው እሑድ ሳያልፍ እንታረቅ። «እሱ ይምጣ» የሚለው ያው «እኔ» ነውና ቀድመን እንሂድ።

መልካም ጾም! ለብርሃነ ትንሣኤው በጤና ያድርሰን።