ጥርሱ ምን አጠፋ?

ጠዋት ሲነሳ ጉንጩን ቀስፎ የሚይዘው፣ እንጀራ በጎረሰ ቁጥር ከጆሮው ሥር «ቀጭ» የሚልበት ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ጆሮውን ነው። ጠብታ ይገዛል። አልሻል ሲለው ምች ይሆናል ተብሎ ዳማከሴ ይታሽለታል። በመጨረሻ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፤ ዕድለ ቢስ ከሆነ ደግሞ ሕመሙ አጠገብ የተገኘ ጤነኛ ጥርስ ተነቅሎለት፣ ሕመሙን ይዞ ይመለሳል።

ሕመሙ የሚመጣው ግን ከመንጋጋው ነው። የታችኛው መንጋጋ ከራስ ቅል ጋር የሚገጥመው ከጆሮ ቀዳዳ ፊት፣ በግራና በቀኝ ነው። በአጥንቶቹ መካከል ስስ ዲስክ አለ። አፍ ሲከፈት የመንጋጋው ራስ መጀመሪያ ባለበት ይዞራል፤ ከዚያ ዲስኩን አስከትሎ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ዲስኩ ከቦታው ፈቀቅ ካለ ያ «ቀጭ» ይሰማል። ሕመም ከሌለው ድምፁ ብቻውን ሕክምና አያሻውም። ብዙ ጊዜ የሚያመውም መገጣጠሚያው ሳይሆን የማኘኪያ ጡንቻዎቹ ናቸው። በእንቅልፍ ጥርስ ማፋጨት (ልጅ ካፋጨ ሆዱ ውስጥ ያለው ትል ሳይመረመር ይፈረድበታል)፣ ቀኑን ሙሉ በሐሳብ ጥርስ ነክሶ መዋል፣ ጫት በአንድ ጉንጭ ወትፎ ማምሸት፣ ሁሉም ጡንቻ ያደክማሉ።

ጥርስን መክሰስ የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 የሴንት ሉዊሱ የጆሮና ጉሮሮ ሐኪም ጄምስ ኮስተን የኋላ ጥርስ ሲጠፋ መንጋጋ ከልኩ በላይ እየተዘጋ በጆሮ አካባቢ ያሉ ነርቮችን ይጫናል ብሎ ጻፈ። የአካል አወቃቀር ሊቃውንት ማብራሪያውን ውድቅ ቢያደርጉትም ሐሳቡ በቀላሉ አልሞተም። የላይና የታች ጥርስ ግጥሚያ ይስተካከል እየተባለ ስንቱ ጤነኛ ጥርስ ተሞረደ።

ቀዶ ሕክምናው የባሰ ነበር። የሂዩስተኑ ቪቴክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዲስኩን የሚተካ ፕሮፕላስት-ቴፍሎን የተባለ ሰው ሠራሽ አካል ሸጠ፤ ከ26,000 በላይ ተሰራጨ። ቴፍሎኑ በማኘክ ጫና ተፈረካከሰ፤ ሰውነትም ፍርፋሪውን ሲዋጋ የገዛ አጥንቱን በላ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1990 ከሰረ፤ በቀጣዩ ዓመት ምርቱ እንዲሰበሰብ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዘዘ። ለመዳን ብለው ገብተው አፋቸውን መክፈት የተሳናቸው ሰዎች ግን ቀሩ።

ከዚህ በኋላ መጀመሪያ መቆፈሪያና ጉጠት የሚያነሳ ሐኪም ምን ሊል እንደሚችል ለመገመት ያስቸግራል። ይህ ማለት ግን ታማሚው ከጥርስ ሐኪም ይሽሽ ማለት አይደለም። የጥርስ ክሊኒክ ትክክለኛው በር ነው፤ የሚፈለገው ጣትና ጆሮ ነው። ሐኪሙ አመልካች ጣቶቹን ከታማሚው ጆሮዎች ፊት ያሳርፋል፤ «ቀስ ብለህ ክፈት፣ ዝጋ» ይላል፤ መንጋጋው ወደ አንድ ጎን መሄድ አለመሄዱን ያያል፤ የጉንጭና የሰረሰር ጡንቻዎችን ይጫናል። ታማሚው ሦስት ጣቶቹን ደራርቦ በፊት ጥርሶቹ መካከል ማስገባት ከቻለ አከፋፈቱ ደህና ነው። ደቂቃዎች የሚፈጅ ምርመራ ነው፤ በእያንዳንዱ የጥርስ ምርመራ የማይካተትበት ምክንያት አይታይም።

እ.ኤ.አ. በ2023 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣው መመሪያ ለሰነበተ ሕመም አጥብቆ የመከረው የመንጋጋ እንቅስቃሴ፣ የጡንቻ እሽትና ውጥረትን የሚያረግብ የሥነ ልቦና ሕክምና ነው። ሌሊት ጥርስ ላይ የሚጠለቀውን መሸፈኛ እንኳ በጥቅሉ አልደገፈውም፤ ግጥሚያን ለዘለቄታው የሚለውጠውንማ አጥብቆ ተቃውሟል። ችግሩ ሌላ ነው፦ ለነቀላ ይከፈላል፣ ለምክር ማን ይከፍላል? ታማሚውም ቢሆን «ለስላሳ ብላ፣ ማስቲካ ተው፣ ከንፈርህ ሲገጥም ጥርስህ አይግጠም» ተብሎ ሲሸኝ ያልታከመ ይመስለዋል።

ጥድፊያ የሚገባበትም አለ። ሲያዛጋ መንጋጋው የወለቀበት ሰው ቀጠሮ አያስፈልገውም። ሐኪሙ ሁለቱን አውራ ጣቶች በፋሻ ጠቅልሎ ከታችኛው የኋላ ጥርሶች ላይ አስደግፎ ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይገፋል፤ የጥንት ግብፃውያን የኤድዊን ስሚዝ ፓፒረስም የወለቀ መንጋጋን በአውራ ጣት መመለስን ይገልጻል። ፊት አብጦ ትኩሳት ካለ የጥርስ መግል ሊሆን ስለሚችል ያኔ መንቀሉ ራሱ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። የመንጋጋ ሕመም ከደረት መጨነቅና ከላብ ጋር ከመጣ ደግሞ ጉዳዩ የጥርስ ሐኪም አይደለም፤ ልብ ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።