ጉድጓዱ ሳይሞላ

ቤት ያሠራ ሰው እንግዳ ሲመጣለት ሳሎኑን ያሳያል፤ መኝታ ቤቱን ያሳያል፤ በመጨረሻም ነጭ ሸክላ የተለበጠውን መታጠቢያ ቤት ከፍቶ ያስጐበኛል። ከዚያ ሁሉ የሚወርደው ፍሳሽ የሚጠራቀምበትን ጉድጓድ የሚያሳይ ባለቤት ግን አላጋጠመንም። ጉድጓዱ የሚታወሰው ሞልቶ ሲፈስ ነው። ያን ጊዜ ነገሩ የአንድ ቤት ገመና መሆኑ ቀርቶ የመንደር ጉዳይ ይሆናል።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን የሆሳዕና፥ የዱራሜ፥ የሾኔና የሌሎቹ የሐዲያና የከምባታ ከተሞች ፈጣን እድገት ነው። ሆሳዕና በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት መቀመጫው ሆናለች። ወደ ደቡብ አፍሪካ የተሻገሩ ልጆች በላኩት ገንዘብም በነዚህ ከተሞች ብዙ ፎቅ ቆሟል። ይህ የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ፎቁ አዲስ፥ ጉድጓዱ የጥንቱ ሆኖ ሲቀር ችግር ይከተላል።

በገጠሩ ልማድ ሰገራ ቤት ከቤት ጀርባ ይቆፈራል፤ ሲሞላም አፈር ተመልሶበት ሌላ ይቆፈራል። ቦታ ስላለና የሚገባበት ውሃ ጥቂት ስለ ሆነ ልማዱ አይነቀፍም። በከተማ ግን ግቢው ጠባብ ነው፤ በውሃ የሚለቀቅ ሽንት ቤትም በእያንዳንዱ ጊዜ ብዙ ሊትር ያወርዳል። ሌላ ጉድጓድ የሚቆፈርበት ሥፍራ የለም፤ የጋራ የፍሳሽ መስመርም ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞቻችን ብርቅ ነው።

ሴፕቲክ ታንክ የሚባለው ለዚህ የተፈጠረ ብልኃት ነው። ዝቃጩ ወደ ታች ይወርዳል፤ ስቡ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ በመካከል ያለው ውሃ በቧንቧ ወጥቶ በማስረጊያው በኩል ወደ አፈር ይገባል፤ አፈሩም ያጣራዋል። ታንኩ በወቅቱ ካልተመጠጠ ዝቃጩ ወደ ማስረጊያው አልፎ የአፈሩን ቀዳዳ ይደፍናል። ከዚያ በኋላ ማስመጠጥ ብቻውን አያድንም። ስለዚህ ዝቃጩና ስቡ ተደምረው የታንኩን ሲሶ ሲይዙ ማስመጠጥ ይገባል፤ ይህም ለአንድ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ በየሦስት እስከ አምስት ዓመት ይሆናል።

ጉድጓድ ሳያስጠነቅቅ አይሞላም። አንድ መታጠቢያ ብቻ ውሃ ቢይዝ ቧንቧው ተደፍኖ ይሆናል፤ ሁሉም በአንድነት ቀስ ብለው ቢያወርዱና ቢንቦቀቦቁ ግን ጥፋቱ ከታንኩ ወይም ከማስረጊያው ነው። በበጋ ሌላው ሣር ደርቆ በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው ብቻ ቢለመልም፥ መሬቱ ቢረጥብ፥ ሽታ ቢመጣ፥ ምልክት ነው። የጣራ አሸንዳ ወደ ጉድጓድ አይግባ፤ በክረምት ብዙ ጉድጓድ የሚገነፍለው በዝናብ ውሃ ነውና። ዘይት፥ ጨርቅና ፕላስቲክም አይጣልበት። ከሁሉ በላይ ማንም ሰው ሊጠርግ ብሎ ወደ ውስጥ አይውረድ፤ በጉድጓዱ የሚታመቀው መርዛም አየር አንዱን ይገድላል፤ ሊያወጣው የወረደውንም ይጨምራል።

አንዳንድ ሰው ክረምት ሲገባ ጉድጓዱን በሌሊት ወደ ቦይ ይለቃል፤ «ዝናቡ ይወስደዋል» ይላል። እኛ የምንጠይቀው ወደ ማን ይወስደዋል ብለን ነው። ከታች ባለው ሠፈር ሕፃናት ይጫወታሉ፤ እናቶች ከምንጭ ይቀዳሉ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1854 ዶክተር ጆን ስኖው የለንደኑ ኮሌራ ከብሮድ ስትሪት የውሃ ጉድጓድ መምጣቱን አስረዳ፤ በኋላ ሲቆፈር ግንቡ የላላ የአንድ ቤት የፍሳሽ ጉድጓድ ከውሃው አንድ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ተገኘ። በአገራችንም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከባሌ የተነሣው ኮሌራ ወደ ብዙ ክልሎች መዛመቱን አልረሳንም። የፍሳሽ ጉድጓድ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ የሚባለው በከንቱ አይደለም። በተጠጋጋ ግቢ ይህን ርቀት የሚለካው ከአጥር ወዲህ ብቻ ሳይሆን ከአጥር ወዲያም ነው።

ባለቤቱን ብቻ መውቀስ ግን ፍርድ አይሆንም። መምጠጫ መኪና የማይገባበት መንገድ ከተቀየሰ፥ መኪናውም የጫነውን የሚደፋበት የተወሰነ ሥፍራ ካልተዘጋጀ፥ ሕግ አክባሪውም ሰው ይቸገራል። ፕላን የምታጸድቁ ወጣት ሹማምንት፥ ስለ ፎቁ ብዛት ስትጠይቁ ጉድጓዱ የት እንዳለና በምን መንገድ እንደሚመጠጥ ጠይቁ። እናንተም ተማሪዎች፥ ለዕረፍት ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ አባታችሁን በአክብሮት «ጉድጓዳችን መቼ ተመጠጠ?» በሏቸው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገራችን ሰው። ጉድጓድ የሚቆፈርበት ቀን የሚመጠጥበትም ቀን የሚታሰብበት ይሁን።